ከቆጥ ወድቃ ነው

ለንስሐ አባቴ የነገርኋቸው ግማሹን ነው። ያደረግሁትን ነግሬያቸዋለሁ። ለምን እንዳደረግሁት ግን ለእሳቸውም፣ ለእህቴም፣ ለማንም ነግሬ አላውቅም። መስቀላቸውን ግንባሬ ላይ አሳርፈው እግዚአብሔር ይፍታሽ አሉኝ፤ እኔም አንገቴን ደፍቼ ተቀበልሁ። የተፈታልኝ ግን የነገርሁት ነው። ያልነገርሁት እንደታሰረ ነው። እነሆ ለማላውቃችሁ ለእናንተ ልናገረው ነው። ለምን ለማላውቀው ሰው? የማላውቀው ሰው ነገ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ መንገድ ላይ ስለማያገኘኝ ነዋ። ከመጀመሪያው እንዲህ ዓይነት ሴት መሆኔን እወቁት።

ነገሩ ይህ ነው። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሳለሁ በሽማግሌዎች ፊት፣ ቄስ ግዝት ጥሎ፣ ዋሸሁ። በውሸቴ የተነሣ ታናሽ እህቴ የሻረግ ልትወጣበት ከነበረው ቤት ሳትወጣ ቀረች። ዛሬ እኔ ስድሳ ስድስት ዓመቴ ነው፣ እሷ ስድሳ አንድ። ደብረ ማርቆስ ውስጥ በአንድ ቤት እንኖራለን። የምታውቀኝ አገር ሁሉ ጥሩ እህት ይለኛል።

አባታችን ሸማኔ ነበር። የከተማው ሰው እጁን ያመሰግነው ነበር፤ የእሱ ጋቢ ከአባት ለልጅ ይተላለፋል የሚሉ አሮጊቶች ዛሬም አሉ። እጁን እኔም አውቀዋለሁ።

ሸማኔ እግሩን ጉድጓድ ውስጥ አድርጎ፣ ድሩን ፊቱ ዘርግቶ ነው የሚሠራው። የእኔና የየሻረግ ሥራ ክሩን በቀሰም ላይ ማጠንጠን ነበር። ቀሰም በድሩ መሐል ወዲያና ወዲህ በሚወረወረው እንጨት፣ በመወርወሪያው፣ ሆድ ውስጥ የምትገባ የመቃ ቁራጭ ናት። አንዷ ባለቀች ቁጥር ሌላዋ እጁ ላይ መድረስ አለባት፤ ከዘገየች ሥራው ይቆማል። ስለዚህ ከእሱ መራቅ አይቻልም። ይህን ልብ በሉልኝ። የሚመታ አባት ያላቸው ሌሎች ልጆች ይሸሹታል፤ በረት ይገባሉ፣ ጎረቤት ይሄዳሉ፣ እስኪበርድለት ይጠብቃሉ። የእኛ እንጀራ ግን እጁ በሚደርስበት ቦታ መቀመጥ ነበር። እኔ እስከ ዛሬ ሰው አጠገቤ ሲቀመጥ መጀመሪያ የማየው ክንዱ ምን ያህል እንደሚረዝም ነው።

የሚመታን በመወርወሪያው ነበር። ክር ከተቋጠረ፣ ቀሰሟ ከላላች፣ አንዳችን ካንቀላፋን። ይጁቤ ገበያ ሄዶ ሳይቀናው ሲመለስ ገና ደጅ ሳለ ከአረማመዱ እናውቀው ነበር። ሲቀናው ደግሞ አረቄ ይጠጣል፤ ያም ያው ነው። ሲስቅ ግን ደስ የሚል ሰው ነበር። ይህን የምለው ለእሱ አዝኜ አይደለም። ሽማግሌዎቹን ያሸነፈው በዚያ ሳቁ ስለሆነ ነው።

እናታችን የሻረግ ሦስት ዓመት ሲሆናት በወሊድ ሞታለች። ቤታችን ከእመት ዘነቡ ቤት ጋር በአንድ ግድግዳ ነው የሚገናኘው። እመት ዘነቡ ስታስል እንሰማ ነበር። እሷ እኛን አትሰማም ነበር? አንድ ቀን ጀርባዬን አየችና «ልጅ ካልተቀጣ ሰው አይሆንም፤ ቻይው የኔ ልጅ» ብላ ቅቤ ቀብታ ወደዚያው ቤት መለሰችኝ። ስትሞት ለቅሶ ደርሻለሁ። ነፍሷን ይማር ግን አላልሁም። ዛሬም አልልም።

ታኅሣሥ ነበር፣ ውርጭ ሣሩን የሚያነጣበት ጊዜ። አባቴ ለጥር ሠርግ የታዘዘ ጋቢ ነበረበትና ከጧት ጀምሮ ከጉድጓዱ አልወጣም። የሻረግ ቀሰም ልታቀብለው ስትነሣ እግሯ ከብርዱ ደንዝዞ ኖሯል፤ ተንገዳግዳ ድሩ ውስጥ ገባች። ብዙ ክር ተበጠሰ። አባቴ አልጮኸም። ከጉድጓዱ ሳይወጣ ግራ እጇን ይዞ ጠመዘዘው፤ ክርኗ ደረቅ ጭራሮ ሲሰበር የሚሰማውን ድምፅ አሰማ። እሷ አፏን ከፍታ ቀረች እንጂ ድምፅ አልወጣትም።

እኔ ምን እያደረግሁ ነበር? እያጠነጠንሁ ነበር። እጄ አልቆመም። በኋላ መንገድ ላይ ሰው በመኪና ሲገጭ አይቻለሁ፣ ባሌ ጥሎኝ ሲሄድ በር ላይ ቆሜ አይቻለሁ፤ በሁሉም ያ እጄ ትዝ ይለኛል፣ ሳይቆም ሲያጠነጥን።

ወጌሻ የመጣው በአራተኛው ቀን ነው። እጇ ተጣሞ ገጠመ።

ወሬው አጎታችን ዘንድ እንዴት እንደደረሰ አላውቅም፤ በገበያተኛ ይሆናል። የእናታችን ወንድም አጎታችን አያሌው፣ አምበር በምትባል አገር ገበሬ ነበር። በሁለተኛው ሳምንት ቅዳሜ ሁለት ሽማግሌ ይዞ መጣ። የአባቴን ደጃፍ አልረግጥም ብሎ እመት ዘነቡ ቤት አረፈ። እኔ ስጠራ ሄድሁ፤ የእንግዶቹን እግር የማጥበው እኔ ነበርሁና። ስሄድ ምን እያሰብሁ እንደነበር ልንገራችሁ? ልብሴን እያሰብሁ ነበር። አምበር ስንሄድ የትኛውን ቀሚስ እንደምለብስ። አንድ ቀሚስ ነበር ያለኝ፤ ሆኖም አሰብሁ።

ጎንበስ ብዬ የአጎቴን እግር እያጠብሁ ሳለ ከአናቴ በላይ ያወሩ ጀመር።

«ትንሿን ይዣት እሄዳለሁ» አለ አጎቴ።

እመት ዘነቡ ትልቋስ ብላ ጠየቀችው። እሱም ወደ ታች አየ፤ እኔን ግን አይደለም፣ እግሩን ነው ያየው።

«እሷ እንኳ ትችለዋለች። እናቷን ናት፤ ጠንካራ። ደግሞስ አንዷ ካልቀረችለት እሱም እሺ አይልም።»

እግሩን አጥቤ ጨረስሁ። በጣቶቹ መሐል የገባውን አቧራ ሳይቀር አወጣሁ። ከዚያም እንደ ወጉ ጎንበስ ብዬ እግሩን ሳምሁ። የእኔ ጀርባ ላይ ከእሷ ጀርባ የበዛ ጠባሳ ነበረ። ቀሚስሽን ግለጪ ያለኝ የለም። እንደኔ ያለች ልጅ ላለመሰበሯ ዋጋዋ ይህ ነው? እጄ ተሰብሮ ቢሆን ኖሮ ይወስደኝ ነበር? ብዙ ዓመት እጄን እያየሁ ይህን ጠይቄያለሁ፤ ጤነኛ እጄን፣ እንደ ጠላት።

በማግሥቱ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ተሰበሰቡ። ከወዲህ የሰፈሩ ሽማግሌዎች፣ ከወዲያ ከአምበር የመጡት። በመካከል አንድ አረጋዊ ቄስ፣ መስቀላቸውን ጨብጠው። ነገሩ ግልጽ ነበር። አባትየው ልጁን መስበሩ ከታወቀ ልጅቱ ለእናቷ ወገን ትሰጣለች፤ ካልታወቀ ከአባቷ ጋር ትቀራለች። ቄሱ ተነሡና ግዝት ጣሉ፤ ያየ የደበቀ፣ ያወቀ የካደ ውጉዝ ከመ አርዮስ ይሁን፣ ከቅዱስ ሥጋው ከክቡር ደሙ የተለየ ይሁን አሉ። ሰው ሁሉ አሜን አለ። እኔም አሜን አልሁ። የሻረግም ሰው ሲል ሰምታ አሜን አለች።

አባቴ ንጹሕ ጋቢ ለብሶ ነበር። ሲጠይቁት ሳቀ፣ በዚያ በሚያምረው ሳቁ። «ጌቶቼ፤ ገበሬ የበሬውን እግር ይሰብራል? ታዲያ ሸማኔ የልጁን እጅ ይሰብራል?» አለ። ሽማግሌዎቹም ሳቁ። ከአምበር የመጡት ሳይቀሩ ፈገግ አሉ። እመት ዘነቡ ተጠየቀች፤ እህል ስፈጭ ነበርና ምንም አልሰማሁም አለች። ያን ለት እህል አልፈጨችም።

ትንሿ ትጠየቅ ሲባል ቄሱ አይሆንም አሉ። መጀመሪያ ትልቋ ትናገር፣ እሷ ክፉና ደጉን ታውቃለች አሉ። እውነታቸውን ነው፤ አውቅ ነበር።

«ከቆጥ ወድቃ ነው» አልሁ።

ቆጥ በቤታችን ጥግ ያለ ዕቃ የምንሰቅልበት የእንጨት ርብራብ ነው። የሻረግ ወጥታበት አታውቅም። ቃሉን ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም፤ ማንም አላስጠናኝም፣ አባቴም አላስፈራራኝም። ድምፄ አልተንቀጠቀጠም። ዶሮ ልታወርድ ወጥታ ነው ብዬ ጨመርሁበት፤ ውሸት ዝርዝር ሲኖረው እንደሚታመን በአሥራ ሁለት ዓመቴ አውቄ ነበር።

ቄሱ ወደ የሻረግ ጎንበስ አሉ። እውነት ነው ወይ የኔ ልጅ ብለው ጠየቋት። አባታችን አጠገቧ ቆሞ ነበር፤ እሱን አላየችም። አጎታችንንም አላየችም። እኔን አየችኝ። የሰባት ዓመት ልጅ የተሰበረ እጇን በነጠላ ቁራጭ አንገቷ ላይ አስራ፣ ምን ልበል በሚል ዓይን አየችኝ። እኔ ዓይኔን አልሰበርሁም።

«አዎ» አለች። «እታለም እንዳለችው ነው።»

አጎቴ ነጠላውን አራግፎ ተነሣ። ደኅና ሁኑም አላለን። ዳግመኛ ደጃችን አልመጣም።

አሁን ለምን የሚለው ነው። ይህን ታሪክ ለራሴ ስነግረው የኖርሁት ፈራሁ እያልሁ ነው። አባት አለ፣ መወርወሪያ አለ፣ ልጅ ነበርሁ፤ ማን ይፈርድብኛል? ግን አልፈራሁም። ያን ቀን ከመላው ልጅነቴ ሁሉ ያልፈራሁበት አንድ ሰዓት ቢኖር ያ ነው። አጎቴ ዱላውን ይዞ ተቀምጧል፣ ሽማግሌ ተሰብስቧል፣ መስቀል ፊቴ አለ። እውነቱን ብናገር አባቴ ጣቱን አያነሣብኝም ነበር፤ ምናልባት ያን ጊዜ ጀርባዬንም አሳያቸው ነበር፤ ምናልባት ሁለታችንንም ይወስዱን ነበር። አላደረግሁትም። ቅናት ነው። እሷ ትችለዋለች የሚለው ቃል ከትላንት ጀምሮ ከጆሮዬ አልወጣም ነበር። እኔ ከችልሁ እሷም ትቻል አልሁ። እኔ ካልወጣሁ እሷም አትውጣ። ይኸው ነው። ከዚህ የተሻለ ምክንያት ብፈልግ አጣሁ፤ ብዙ ፈልጌያለሁ።

ከዚያ ቀን ወዲህ አባቴ መትቶኝ አያውቅም። አንድም ቀን። ምስክሩ ሆኜ ነበራ። የኮንጎ ጫማ ገዛልኝ፤ አቋርጬው የነበረውን ትምህርት ከሰዓት በኋላ እንድማር ፈቀደልኝ። ጎረቤት ሁሉ ሰውዬው ተመለሰ አለ። አልተመለሰም። ለሁለት ጀርባ ይከፋፈል የነበረው ለአንድ ጀርባ ቀረ፤ ሌላ ለውጥ አልነበረም። እኔ ደብተሬን ይዤ ስወጣ የሻረግ በአንድ ጤነኛ እጇና በአንድ ጠማማ እጇ ታጠነጥን ነበር። ስመለስ ፊቷን አላይም፤ የቤት ሥራ አለብኝ እላለሁ። እሷ ደግሞ ኩራዙን ወደ እኔ ታስጠጋልኝ ነበር።

አደግሁ። ሰው ከእንዲህ ያለ ቤት ወጥቶ ያድጋል፤ አጥንት የሚያቆመው የለም። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ታይፒስት ሆኜ ጉንደ ወይን ከተማ አንድ መሥሪያ ቤት ተቀጠርሁ። ደመወዝ በተቀበልሁ ቁጥር ለየሻረግ ሳሙና፣ ለየሻረግ ሻሽ እልክ ነበር። መጥተሽ ከእኔ ጋር ኑሪ ብዬ ግን አልላክሁም። አንድ ክፍል ቤት ነው ያለኝ፣ ጠባብ ነው እል ነበር። ጠባብ አልነበረም። አገባሁ፤ ባሌ ክፉ ሰው አልነበረም። ማዕድ ስንቀርብ ለምን ከዚያ ጥግ ትቀመጫለሽ እያለ መጀመሪያ ይስቅ ነበር፣ በኋላ መሳቁን ተወ፣ በኋላ ራሱ ሄደ። አንድ ወንድ ልጅ አለኝ። አንድም ቀን መትቼው አላውቅም፤ በዚህ ስኮራ ኖሬያለሁ። ባለፈው ዓመት በስልክ ምን አለኝ መሰላችሁ? «እማዬ፤ አቅፈሽኝም አታውቂም» አለኝ። እውነቱን ነው።

አባቴን እስኪሞት ያስታመመችው የሻረግ ናት። ወገቡ ከተያዘ በኋላ በዚያች በሰበራት እጅ ታቀናው፣ ታጎርሰው ነበር። ስቀብረው አላለቀስሁም። እሷ ግን እንባዋ አልቆመም፤ ተናደድሁባት። ለዚህ ሰው? አልኋት በሆዴ። አልቃሿ የእጁን ሙያ እያነሣች ስታሞግሰው መቃብሩን ሳይሆን አፏን በአፈር መሙላት አምሮኝ ነበር። ያን ቀን እህቴ ደግነቷን ልታሳየኝ የምታለቅስ ይመስለኝ ነበር።

ጡረታ ስወጣ ደብረ ማርቆስ ተመለስሁና ቤት ሠራሁ፤ የአባታችን ቤት ፈርሶባት ስለነበር የሻረግን ወደ እኔ አመጣኋት። ሰው መረቀኝ። እህቷን የጦረች እያለ መረቀኝ። ምርቃቱን በሁለት እጄ ተቀበልሁ።

አንድ ነገር ግን እያየሁ አላየሁም። የሻረግ ከቤተ ክርስቲያን ውጭኛው በር አታልፍም። ዝናብም ቢሆን፣ ፀሐይም ቢሆን፣ ከበሩ ውጭ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ታስቀድሳለች። ካህን ሲያልፍ ከሩቅ ትሰግዳለች እንጂ መስቀል አትሳለምም። ጧፍ ትገዛና አንቺ አስገቢልኝ ትለኛለች። እኔም እያስገባሁ አበራሁ፣ ስንት ዓመት። ከልጅነቷ ጀምሮ ዓይን አፋር ናት፣ ሰው መሐል መግባት አትወድም ብዬ ለሰው አስረዳ ነበር። እንደሷ ያሉ ባልቴቶች ሁሉ ሲቆርቡ እሷ ለምን አትቆርብም ብዬ ጠይቄ ነበር? አልጠየቅሁም። ያልጠየቅሁት መልሱን ስለማውቀው ይሆን?

አምና ክረምት ሐኪም ልቧ ደክሟል አለ። አንድ ቀን ጸጉሯን እያጠብኋት ሳለ እታለም አንድ ነገር ላስፈቅድሽ ነበር አለችኝ። ሳትሞት መቁረብ ትፈልጋለች። ቁረቢ፣ ማን ከለከለሽ አልኋት።

«ግዝቱ አለብኛ።»

የምን ግዝት አልኋት። እኮ የምን ግዝት! ገና ስትጀምር ነበር ያወቅሁት።

«ከቆጥ ወደቅሁ ያልሁት ነዋ። ከሥጋ ወደሙ የተለየ ይሁን ሲሉ አሜን ብዬ፣ ወዲያው ዋሸሁ። ካልተናዘዝሁት አይፈታኝም። ልናዘዘው ስል ደግሞ ያንቺ ስም ይነሣል።» ሳሙናው ዓይኗ ስለገባ ጨፍናለች። «አንቺ ሳትፈቅጂ አልናገርም ብዬ ነው የተውሁት።»

አምሳ አራት ዓመት። ለእኔ ብላ። የእኔን ውሸት ደግፋ በዋሸችው ቃል ራሷን አውግዛ፣ እኔን ላለማስነካት በር ላይ ተቀምጣ። እኔ ውስጥ ነበርሁ፤ በግዝት ላይ የዋሸሁት እኔ ከሴቶች ማኅበር ጋር ፊት ቆሜ እልል ስል ነበር።

እግሯ ላይ ወድቄ አለቀስሁ ብዬ ብጽፍ ደስ ይላችሁ ነበር። ቆይ ፍልሰታ ይለፍ አልኋት። ፍልሰታ ሲያልፍ መስቀል ይለፍ አልሁ። መስቀል ሲያልፍ ኅዳር ጽዮን። ቄሱ፣ ንስሐ አባቴ፣ ቤቴ ገብተው የሚበሉ ሰው ናቸው፤ ማኅበርተኛው እናታችን እያለ ይጠራኛል። ሐኪም ልቧ ደክሟል ያላትን እህቴን በቀጠሮ አመላለስኋት። እሷም እሺ ትላለች። እሺ እታለም።

በታኅሣሥ ገብርኤል ዕለት በሩ ላይ ተዝለፍልፋ ወደቀች። ሴቶች ተሸክመው አመጡልኝ። አንዷ ድንጋዩ ግንባሯን እንደፈነከታት እያሳየችኝ «ኧረ ይቺን ሴትዮ ምን ይሁን ብላችሁ ነው ውጭ የምታስቀምጧት፤ ውስጥ ሥጋጃ ላይ ብትወድቅ ምን ነበር» አለችኝ። የሻረግ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። በማግሥቱ ቄሱን ጠራኋቸው።

ልጄ ይሆናሉ በዕድሜ። ሁሉንም ነገርኋቸው፤ ቅናቱ ሲቀር። ሰምተው ሲጨርሱ ያኔ ስንት ዓመትዎ ነበር ብለው የሻረግን ጠየቋት። ሰባት አለች።

«እማማ፤ ግዝቱ የተጣለው በትልልቆቹ ላይ ነው እኮ» አሏት። «የሰባት ዓመት ሕፃን፣ ያውም የተሰበረች፣ ማን ያወግዛታል? እርስዎን ያሰረ ነገር አልነበረም። ለአንድ ቄስ አንድ ቀን ቢናገሩት ኖሮ...» አሉ። የሻረግ ደስ የሚላት መስሎኝ ነበር። እጆቿን እያየች «እና መግባት እችል ነበር?» አለች።

«ይችሉ ነበር እማማ።»

«ሁልጊዜ?»

«ሁልጊዜ።»

ቄሱ ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ፤ እርስዎስ ስንት ዓመትዎ ነበር አላሉም፤ ነግሬያቸዋለሁና። ቀኖና ሰጡኝ። ጉልበቴን አይተው ስግደቱን ቀነሱልኝ። እንዳይቀንሱ አልለመንኋቸውም።

ሦስት ቀን የሻረግ አልተናገረችም። የሰጠኋትን ትበላለች፣ የሰጠኋትን ትጠጣለች። በአራተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ፀሐይ እየሞቅን ሳለ ጠየቀችኝ። «እታለም፤ ለምን ነበር ግን?»

በቁጣ አልነበረም። እውነት ማወቅ ፈልጋ ነው። አምሳ አራት ዓመት በር ላይ የተቀመጠች ሴት አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀች፤ መልሱም አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ አንቺን መርጦ እኔን ስለተወኝ። አፌ ድረስ መጣ።

«ፈርቼ ነው» አልሁ።

በጠማማ እጇ እጄን ያዘችው። «አውቄያለሁ» አለች። «እኔም ፈርቼ ነው። ሁለታችንም ልጆች ነበርን፣ እህቴ። እግዚአብሔር ይፍታሽ፤ እኔ ፈትቼሻለሁ።»

የፈታችው ማንን ነው? አባቷን ፈርታ የዋሸች አንዲት ልጅን ነው። ያቺ ልጅ ደግሞ አልነበረችም። እኔ ባልነበረች ልጅ ስም የተሰጠ ይቅርታ ወስጄ ደረቴ ውስጥ ከትቼ እየዞርሁ ነው፤ እንደ ሰው ልብስ ይከብደኛል።

በጥር አንድ እሑድ ቆረበች። ደግፌ እስከ ውስጥ ያስገባኋት እኔ ነኝ። ቆርባ ስትመለስ አፏን በነጠላዋ ሸፍና፣ ዓይኖቿ ብቻ ይታዩ ነበር። እንደዚያ ያለ ዓይን አይቼ አላውቅም። ሴቶቹ መንገድ ለቀቁላት፤ ሁሉም እሷን ነበር የሚያየው። እኔም ከኋላዋ ጫማዋን ይዤ ቆሜ ሳለሁ ያ ነገር ከሆዴ ውስጥ ብድግ አለ፤ ደግሞ እሷ ተመረጠች አለኝ። በስድሳ ስድስት ዓመቴ። ቅዱስ ቁርባን ተቀብላ ስትወጣ በእህቴ ቀናሁ። ቄሱ ያልፈቱት ይህን ነው፤ እንዴት ይፍቱት፣ አልሞተም እኮ።

እውነቱን ልንገራት ይሆን? ቀን በቀን አስባለሁ። ሰላሟን አልነሣትም፣ ስንት ጊዜ ቀርቷት ነው፣ ለእሷ ብዬ ነው እላለሁ። ለእሷ ብዬ የሚለው ቃል በአፌ ውስጥ እንዴት እንደሚጣፍጥ አውቀዋለሁ፤ ፍልሰታ ይለፍ ስልም ለጤናዋ ብዬ ነበር።

ከእናንተ ይቅርታ አልጠይቅም፤ እናንተን አልበደልሁም። አባቴን፣ አጎቴን፣ እመት ዘነቡን ሁሉ ቆጥሬ ጽፌያለሁ፤ የሠሩትን ሠርተዋል፣ አልማራቸውም። ከቆጥ ወድቃ ነው ያለችው ግን እኔ ነኝ። ማንም አላለልኝም። የበደልኋት ሰው ደግሞ አሁን በረንዳው ላይ ተቀምጣ ጥጥ ትፈለቅቃለች። ከጧት ጀምሮ አንገቴን ደፍቼ ስጽፍ አይታ፣ ምን ትጽፊያለሽ እታለም አለችኝ።

«የማኅበር ጉዳይ ነው» አልኋት።